ያረጀ የፒንቦል ማሽን በቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል?

ፒንቦል የሚባለውን መጫወቻ በዓይኑ ያላየ አንባቢ በመጀመሪያ ከጆተኒ ጋር እንዳያምታታው። ጆተኒ ላይ ሁለት ወገን ሆነው በብረት ዘንግ የተሰኩ አሻንጉሊቶችን እያሽከረከሩ ኳስ ይጋፋሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። ፒንቦል ግን ሰው ብቻውን ከማሽን ጋር የሚገጥምበት ጨዋታ ነው። በአራት እግር የቆመ ሣጥን ሲሆን፣ ሜዳው በመስተዋት ተከድኖ ወደ ተጫዋቹ ትንሽ ያዘነብላል። ተጫዋቹ በሞላ የሚሠራውን መግፊያ ስቦ ሲለቀው 27 ሚሊሜትር ያህል ስፋትና 80 ግራም ያህል ክብደት ያላት የብረት ኳስ ወደ ላይ ትወነጨፋለች። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ስትመጣ ከዚህም ከዚያም እየተላተመች ነጥብ ታስቆጥራለች። ታች ያለው ቀዳዳ እንዳይውጣት ተጫዋቹ በሣጥኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ በሁለት ትናንሽ ክንፎች መልሶ ይመታታል። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ጨዋታውን በሙሉ በእነዚህ ክንፎች ስም ‹ፍሊፐር› ይሉታል።

ታዲያ ይህ ለመምህራን ማሠልጠኛ የግድግዳ ጋዜጣ ምኑ ነው? የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት የፒንቦል ማሽኖች ኮምፒዩተር የለባቸውም። ሆኖም ይቆጥራሉ፣ ያስታውሳሉ፣ ተራ ያስጠብቃሉ፣ የሚያጭበረብረውንም ይቀጣሉ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በምስማር ላይ ሽቦ ጠምጥመን ከባትሪ ጋር ስናገናኘው መርፌ በሚያነሣው በዚያው በምናውቀው ማግኔት ነው። ሌላው መሣሪያ አሠራሩን በጥቁር ሣጥን ውስጥ ይደብቃል፤ የዚህኛው ግን ክዳኑ ሲነሣ ሁሉ ነገር ፊት ለፊት ይታያል። የትኛው ብረት የት እንደቆመ ያየ ሰው ማሽኑ ምን ‹እንደሚያስብ› ያውቃል። ስለዚህ ጥገናው ከካቻቢቴ ይልቅ ጥያቄ ይፈልጋል፤ ጥያቄ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

ስለ ታሪኩ ጥቂት እንበል። የጨዋታው ዘር ባጋቴል የተባለው የፈረንሳዮች የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ሞንታግ ሬድግሬቭ የተባለ ሰው ባጋቴልን በሞላ መግፊያ አሻሽሎ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1931 ዴቪድ ጎትሊብ ቺካጎ ላይ ‹ባፍል ቦል›ን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሬይመንድ ሞሎኒ ‹ባሊሁ›ን አወጡ። በእነዚህ ላይ ኳሷን ከለቀቁ በኋላ የሚደረግ ነገር ብዙም አልነበረም። ክንፉ የመጣው በ1947 በጎትሊብ ‹ሃምፕቲ ደምፕቲ› ላይ ነው፤ ያውም ስድስት ክንፍ ነበረው። ይህ ጨዋታውን ከዕድል ወደ ችሎታ አሸጋገረው። የኒው ዮርክ ከተማ ግን በከንቲባ ላ ጓርዲያ ጊዜ፣ በ1942፣ ‹ቁማር ነው› ብላ ከልክላው ስለነበር እገዳው እስከ 1976 ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ማሽን አስቁሞ፣ ኳሷ በየት በኩል እንደምትሄድ አስቀድሞ ተናገረና እንዳለውም አደረገ። እገዳው ተነሣ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን ኤሌክትሮኒክስ መጣና እነዚያ አሮጌ ማሽኖች ከየመጠጥ ቤቱ እየወጡ በአሜሪካና በአውሮፓ ወደ የሰዉ ጋራዥና ምድር ቤት ገቡ። ዛሬ በቤት ውስጥ የሚጠገኑት እነሱ ናቸው፤ በተለይም የጎትሊብ፣ የዊሊያምስና የባሊ ሥራዎች።

አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ነፍስን ማዳን

ማሽኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ያለው ዝቅተኛ ነው፤ አምፑሎቹ በ6 ቮልት አካባቢ ይሠራሉ፣ ማግኔቶቹ በጎትሊብ ማሽን 25 ቮልት ገደማ፣ በባሊ 50 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። ከትራንስፎርመሩ በፊት ያለው ግን የግድግዳው ሶኬት ራሱ ነው፤ በአሜሪካ 120፣ በእኛ አገር 220 ቮልት። ይህኛው ይገድላል።

ካረጁት ማሽኖች ብዙዎቹ ገመዳቸው ባለ ሁለት ሽቦ ስለሆነ የመሬት ሽቦ የላቸውም። የሳንቲም መክተቻው በር፣ የጎኑ ክፈፍ፣ እግሩ ሁሉ ብረት ነው። የአንዱ ሽቦ ልባስ ተልጦ ከብረቱ ጋር ቢነካካ ማሽኑ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ መብራቱም አይጠፋም፣ ጨዋታውም አይቋረጥም። በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ልጅ እጁን እስኪያሳርፍበት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚለወጠው ገመዱ ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይገባና ሦስተኛው ሽቦ ከሚነኩት ብረቶች ሁሉ ጋር ይታሰራል። በእርግጥ የቤቱ ሶኬት ራሱ መሬት ከሌለው ሦስተኛው ሽቦ ጌጥ ብቻ ነው። ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሠራው ወይም ሠርተን ቢያይልን ነውር የለውም።

ፊውዝ ሌላው ነገር ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚሰካ ሰው በየአገሩ አለ። ማሽኑ ይሠራል፤ አዎ፣ ይሠራል። ግን ፊውዙ የተቃጠለው ሌላ ነገር እንዳይቃጠል ብሎ ነበር፤ በብርማው ወረቀት ጊዜ ተራው የሽቦው፣ ከሽቦው ቀጥሎ የጣውላው ሣጥን ይሆናል። አሮጌ ማሽን የገዛ ሰው መጀመሪያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ልካቸውን ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር አለበት። ከተጻፈው የሚበልጥ አምፔር ያለው ካገኘ፣ ቀድሞ የነበረው ጠጋኝ ያመለጠው ጥፋት አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው።

ለአሜሪካ የተሠራ ማሽን በ220 ቮልት ላይ በቀጥታ አይሰካም፤ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ይህም ሆኖ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ሞተሩ ትንሽ ዝግ ይላል። ለጨዋታው ግን የሚያስቸግር አይደለም። በመጨረሻም፣ እጅ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀል። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም።

ሞተሩ ለምን አይቆምም?

የአሮጌ ማሽን የተለመደ ሕመም እንዲህ ነው። ጨዋታ ማስጀመሪያውን ቁልፍ ሲጫኑት ከውስጥ ቸክ ቸክ ቸክ እያለ የነጥብ ጎማዎቹ ወደ ዜሮ መመለስ ይጀምራሉ፤ ሆኖም ሞተሩ ሳያቆም ይዞራል፣ ኳሷም አትወጣም። ጀማሪው ተስፋ ቆርጦ ‹ተበላሽቷል› ይላል። ‹ተበላሽቷል› ማለት ግን ስለ ተማሪ ‹አይገባውም› እንደማለት ነው፤ ምኑ ነው ያልገባው?

አሠራሩን እንመልከት። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ተጽፏል። ጎማው አንድ የኤሌክትሪክ ምት ባገኘ ቁጥር ማግኔቱ ይስበውና አንድ ቁጥር ይራመዳል። ዜሮ ላይ ሲደርስ ከጎኑ ያሉት ሁለት ስስ ላሜራዎች ይለያያሉ፤ ‹እኔ ደርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ምት አትላኩልኝ› ማለቱ ነው። ማሽኑ ከጎማዎቹ ሁሉ ይህን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ምት መላኩን አይተውም።

እንግዲህ ዓይናችንን ወደ ቁጥሮቹ እናዙር። ሦስቱ ጎማዎች ዜሮ ላይ ቆመው አንዱ 7 ላይ ቀርቷል እንበል። ወይ ምቱ አልደረሰውም፣ ወይም ደርሶት መራመድ አቅቶታል። ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ማግኔቱ ‹ጠክ፣ ጠክ› እያለ ጎማው ካልዞረ ጥፋቱ የብረት ነው፤ ግራሶው ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል፣ ወይም ሞላው ደክሟል። ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ቆሻሻ የያዘ ላሜራ ወይም ከስታኞው የተላቀቀ ሽቦ ይፈለጋል። አሁን ደግሞ በተቃራኒው አንደኛው ጎማ ዜሮን እያለፈ መዞሩን ቢቀጥልስ? እሱ እየተራመደ ነው፤ ምቱም ይደርሰዋል። የጎደለው ‹ደርሻለሁ› የሚለው ቃል ነው፤ ማለት ዜሮ ላይ መለያየት የነበረባቸው ላሜራዎች አልተለያዩም። ሁሉም ዜሮ ላይ ቆመው ሞተሩ ብቻ ቢዞር ደግሞ ጎማዎቹን ማራመዳቸውን ትተን፣ መልእክታቸው የሚያልፍባቸውን ላሜራዎችና ሞተሩን የሚያዘውን ሪሌይ እንመረምራለን። አንድ ሕመም መስሎን የነበረው ሦስት የተለያየ ሕመም ሆነ፤ ገና ካቻቢቴ አላነሣንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው ከ9 ወደ 0 ሲያልፍ የጎረቤቱን ጎማ አንድ የሚያራምድ ሌላ ላሜራ አለ። በመደመር ጊዜ ‹አንድ በእጅ› እንደምንለው ነው። ይህ ላሜራ ሲቆሽሽ ማሽኑ ከ90 ቀጥሎ 100 ማለት ሲገባው 00 ይላል። ስለ ቁጥር ቤት የሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ላሜራ ስለማጽዳት

በማሽኑ ውስጥ ያሉት ላሜራዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለችው ነጥብ በአብዛኛው ከብር የተሠራች ስትሆን፣ ከፍ ያለ ኮረንት በሚያልፍበት፣ ለምሳሌ በክንፎቹ ላይ፣ ከተንግስተን ነው። የብሩን ለማጽዳት ጠንከር ያለ ወረቀት ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ አልኮል አስነክቶ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል አስገብቶ ላሜራውን በቀስታ ተጭኖ መሳብ ነው። ወረቀቱ ጠቁሮ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪወጣ ይደገማል። ተንግስተን ግን ጠንካራ ስለሆነ ለወረቀት አይበገርም፣ ስስ ሞረድ ይፈልጋል። ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ለሁለቱም አይሆንም።

ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ክፍተቱ ይታያል። በተለምዶ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ሁለቱ ነጥቦች ሲገናኙ ነካ ብለው ብቻ እንዳይቀሩ ነው፤ ከተነካኩ በኋላ አብረው ትንሽ መገፋት አለባቸው። ያ ትንሽ መፈጋፈግ ነው በየጊዜው ራሳቸውን የሚያጸዳቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አንድ ነገር አለ። አዲስ ጠጋኝ ደስታው በዝቶ በአንድ ቅዳሜ ላሜራውን ሁሉ ያጣምማል። አንድ ጥፋት ይዞ የጀመረው ሰውዬ ማታ ላይ አሥር ጥፋት ይዞ ይተኛል፤ የትኛው የድሮው፣ የትኛው የእሱ እንደሆነም አያውቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ላሜራ ብቻ! የተነካው ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፍ። በቴስተር ስንለካ ደግሞ ኮረንቱ በሌላ መንገድ ዞሮ መጥቶ ስለሚያሳስት፣ በማንለካው ላሜራ መካከል ቁራጭ ወረቀት ማስገባት መንገዱን ይዘጋል። ወረቀቶቹን መልሶ ማውጣት እንዳይረሳ ታዲያ!

ከማሽኑ ጋር የመጣው ትልቁ የሽቦ ንድፍ ካለ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። በንድፉ ላይ ላሜራዎቹ የሚታዩት ማሽኑ ባረፈበት ሁኔታ ነው፤ የሽቦዎቹ ቀለምም ተጽፏል። መጀመሪያ ሲያዩት ያስፈራል። አንድ መንገድ ብቻ መርጦ፣ ከትራንስፎርመሩ እስከ ማግኔቱ ድረስ በእርሳስ መከተል የለመደ ሰው ግን ሳምንት ሳይሞላው ያነበዋል።

ዘይትን በሚመለከት አጭር ቃል፦ አይደረግ። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚመላለሰው የብረት ዘንግ በደረቁ የሚሠራ ነው፤ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ሙጫ ይሆናል። ዝገት ማላቀቂያ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ዘይትማ የባሰ ነው፤ ላሜራዎቹ ብልጭታ ስለሚያወጡ እሳት ሊይዝ ይችላል። የደረቀው ግራሶ በአልኮል ተጠርጎ ይወጣል፤ አልኮሉ ራሱም ስለሚቀጣጠል ተንኖ ሳያልቅ ስፒናው አይሰካም።

ክንፉ ደከመ፣ ወይስ ጥቅሉ ተቃጠለ?

የማሽኑ ብልኃት በጣም ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል የልብስ ስፌት ክር ጥቅል የሚያህል ሲሆን በውስጡ ሁለት ሽቦዎች ተጠምጥመዋል። አንዱ ወፍራምና አጭር፣ ሌላው ቀጭንና ረጅም ነው። ለስሌት ያህል ወፍራሙ 2.5 ኦም፣ ቀጭኑ 40 ኦም፣ ቮልቱ 25 ነው እንበል። በወፍራሙ ብቻ 10 አምፔር ያልፋል፤ ይህ 250 ዋት ነው። ሁለቱ ሲቀጣጠሉ ግን 0.6 አምፔር ያህል፣ 15 ዋት ያህል ብቻ ይሆናል። (ኤሌክትሪኩ ተለዋዋጭ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ይበቃል።)

ኳሷን ለመምታት 250 ዋቱ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ግን ቁልፉን ተጭኖ ኳሷን በክንፉ ላይ አቁሞ ሊያስብ ይፈልጋል። ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት በዚያች ትንሽ ጥቅል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቢቆይ ያቃጥላታል። ስለዚህ በክንፉ መጨረሻ ላይ አንድ ላሜራ ተደረገ። ክንፉ ሲነሣ ላሜራው የተዘጋ ስለሆነ ኮረንቱ በወፍራሙ ብቻ ያልፋል፤ ክንፉ ጫፍ ሲደርስ ላሜራውን ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ያኔ ቀጭኑም ሽቦ ይጨመርና ኮረንቱ ይቀንሳል። ለመያዝ 15 ዋቱ ይበቃል።

እንግዲህ ከዚህች ከአንዲት ላሜራ ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች ይወጣሉ። ቆሽሻ ካላስተላለፈች ክንፉ ገና ከመጀመሪያው በ15 ዋት ስለሚነሣ ኳሷን ግማሽ ሜዳ እንኳ አያደርሳትም። ተጣማ ካልተከፈተች ደግሞ ክንፉ ኃይለኛ ነው፣ ተጫዋቹም ይደሰታል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። ስለዚህ ጥቅሉ ተቃጥሎ ያገኘ ሰው ላሜራዋን ሳያስተካክል አዲስ ጥቅል ቢገዛ ገንዘቡን አቃጠለ ማለት ነው። ክንፉ የደከመ እንደሆነ ደግሞ፣ ‹ጠንካራ ጥቅል ልግዛ› ከማለት በፊት ላሜራዋን መጥረግ፣ ቀጥሎም በዘንጉ ዙሪያ ያለው እጅጌ አልቆ እንደሆነ ማየት ነው።

ወደ ራስ አምሮት መለወጥ

ማሽኑ ሳይድን ማስጌጥ የታመመ ሰው ማስተካካል ነው። ከዳነ በኋላ ግን ለምን አይጌጥም? የእኔ ሚዛን አንድ ብቻ ነው፦ የተደረገው ነገር ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል ወይ? የጎማ ቀለበቶቹን በሌላ ቀለም መለወጥ ይመለሳል። በሜዳው ታች፣ ከመስተዋቱ ሥር የሚቀመጡትን የጨዋታ መመሪያ ካርዶች አንሥቶ በአማርኛ ጽፎ መተካት ይመለሳል፤ የድሮዎቹ በፖስታ ይቀመጡ። ብዙዎቹ ማሽኖች ጨዋታው በ3 ኳስ ወይስ በ5 ኳስ ይሁን የሚለው በአንድ መሰኪያ ይወሰናል፤ ይህም ይመለሳል። በሜዳው ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግን አይመለስም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የላይኛው ሥዕላዊ መስተዋት ነው። ሥዕሉ የተቀባው ከመስተዋቱ በስተጀርባ ስለሆነ በአምፑሎቹ ሙቀት እየተቀረፈ ይወድቃል። የሚቀረፍ ከሆነ በጨርቅ አይነካ፣ በውኃ አይታጠብ። ሙቀቱን መቀነስ ግን ይቻላል። በአሜሪካ 44 ቁጥር የሚባለው አምፑል በ6.3 ቮልት 0.25 አምፔር ሲወስድ፣ 47 ቁጥር የሚባለው 0.15 ብቻ ይወስዳል። ከመስተዋቱ ጀርባ 30 አምፑል አለ ብንል ሙቀቱ ከ47 ዋት ወደ 28 ዋት ይወርዳል፤ ብርሃኑ በጥቂቱ ቢደበዝዝ ነው። በነጥብ ጎማዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮችም እንዲሁ ስሶች ናቸው፤ አልኮል ያስነካቸው ሰው ቁጥር የሌለው ጎማ ይቀረዋል።

የሜዳው መክደኛ መስተዋት በሙቀት የጠነከረ ነው። መሐሉን ቢመቱት ይችላል፤ ጠርዙን ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ንጣፍ ላይ ትንሽ ቢያስነኩት ግን በአንድ ጊዜ ጥራጥሬ ይሆናል። ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ይቀመጥ። ሣጥኑን ቀለም መቀባት የፈለገ የድሮውን ቅርጽ በወረቀት ገልብጦ፣ በካርቶን ቆርጦ፣ በዚያ ላይ መቀባት ይችላል፤ ሥራው ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይፈልግም።

የመጨረሻው ማስተካከያ የማጭበርበሪያ መቆጣጠሪያው ነው። ሣጥኑ ውስጥ በቀለበት መካከል የተንጠለጠለ ሾጣጣ ክብደት አለ። ተጫዋቹ ማሽኑን ከልክ በላይ ሲነቀንቅ ክብደቱ ቀለበቱን ይነካል፣ ኮረንት ያልፋል፣ ክንፎቹ ይሞታሉ፣ ኳሷም ትጠፋለች። ማሽኑን ትንሽ መግፋት የጨዋታው አንድ ክፍል ስለሆነ ጭራሽ መከልከል አያስፈልግም። ክብደቱን በዘንጉ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ክፍተቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ልጆች በሚጫወቱበት ቤት ሰፋ፣ ጎረምሶች በሚጫወቱበት ጠበብ ማድረግ ነው፤ ማሰሪያው በጣት ይፈታል።